ከነቤተሰባችን የኤዲኤችዲ ጥናት ገባን፤ እንዴት ነበር?

ኤዲኤችዲ ማለት ትኩረት ማጣት፣ መቁነጥነጥና ሳያስቡ ማድረግ የሚበዛበት ችግር ነው። ነጥቡን መጀመሪያ ልስጥና ልገላገል፤ ከ10 ሰባት። ትንሹን ልጄን ለያዙበት መንገድ ብቻ ቢሆን ዘጠኝ እሰጣቸው ነበር። የጎደለው በእኛ በወላጆቹና በትልቋ ልጄ በኩል ነው። እደርስበታለሁ።

ሰው ሬስቶራንት ይገመግማል፣ ፀጉር ቤት ይገመግማል። ጥናት ሲገመገም ግን አላየሁም። እኛ ለእነዚህ ሰዎች ጊዜያችንን ሰጥተናል፣ በዘር የሚወርደው እንዲጠና ምራቃችንን ሰጥተናል፣ የቤታችንን ገመና አውጥተናል። ይህን ሁሉ የሰጠ ሰው አስተያየት ቢጨምርበት አይበዛም። የቡድኑን ስም አልጠራም። ቢሯቸው መሀል ከተማ ነው፤ ከስታዲየም ብዙ አይርቅም። ለእኛ ለግንፍሌ ሰዎች አራት ኪሎ ወጥቶ አንድ ታክሲ መያዝ ነው።

ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። ሁለተኛ ክፍል። ወንበር ላይ ቢቀመጥ እንኳ እግሩ አይቀመጥም። ጠዋት ጫማህን አድርግ ብዬው ስመለስ አንዱን አድርጎ በሌላኛው ኳስ ሲጫወት አገኘዋለሁ። ኮሙኒኬሽን ደብተሩን ስገልጥ ሆዴ ይረበሻል፤ "ክፍል ሥራ አልጨረሰም"፣ "ጓደኞቹን ይረብሻል"፣ "ወላጅ ይምጣ"። ጎረቤት ቅብጥብጥ ይለዋል። አማቴ ደግሞ "ዓይን በልቶት ነው" ብለው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወስደው አስጠምቀውታል። አልተቃወምኩም፤ በጸበል እኔም አምናለሁ። ሲመለስ ግን ሚኒባሱ ውስጥ ያልረገጠው ሰው አልነበረም።

ስለ ጥናቱ የነገረችን ለሳል የወሰድንላት የሕፃናት ሐኪም ናት። ደረቱን ለማዳመጥ ስትሞክር ከአልጋው ይወርዳል፤ ስትመልሰው በዚያኛው በኩል ይወርዳል። "ቤትም እንዲህ ነው?" አለችኝ። "ቤት ይብሳል" አልኳት። ሳቀችና ስልክ ቁጥር ጻፈችልኝ።

ባሌ መጀመሪያ አልፈለገም። "ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ ድሮ የት ነበር?" አለ። ድሮም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ጆርጅ ስቲል የሚባል እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም ለንደን ላይ ስለ እንዲህ ዓይነት ልጆች ለሐኪሞች ንግግር አድርጓል። ያኔ እዚህ አፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ ነበሩ። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ደግሞ ከ100 ልጆች አምስት ያህሉ ኤዲኤችዲ እንዳለባቸው ያሳያሉ። ሃምሳ ልጅ በሚቀመጥበት ክፍል ሁለት ሦስት ልጅ መሆኑ ነው። ባሌን ያሳመነው ግን ይህ አይደለም። "ትራንስፖርት ይከፍላሉ" ስለው ነው የተነሳው። የሚከፍሉት ለታክሲና ለሻይ የምትሆን ነች፤ ሀብታም እንሆናለን ብላችሁ እንዳትሄዱ።

የመጀመሪያው ቀን ማስረዳትና መፈረም ብቻ ነበር። አሰልቺ ይሆናል ብዬ ነበር የሄድኩት። ከሁሉም የወደድኩት ቀን እሱ ሆነ። ወጣቷ ተመራማሪ ቅጹን አቀብላ "እዚህ ጋ ይፈርሙ" አላለችንም። ገጽ በገጽ አነበበችልን። መጀመሪያ የተናገረችው "ይህ ጥናት ነው፤ ሕክምና አይደለም" የሚለውን ነው። ከፈለጋችሁ በማንኛውም ሰዓት ትተዋላችሁ፣ ለምን አትባሉም፣ ብትተዉም ልጃችሁ የሚያገኘው ሕክምና አይነካም አለችን። ስማችን በቁጥር ይተካል። ምራቃችን ለወደፊት ሌላ ጥናት ይቀመጥ ወይስ ይጣል የሚለው ለብቻው ይፈረማል። ባሌ "ይጣል" አለ፤ እኔ "ይቀመጥ" አልኩ። የልጁን በተመለከተ ሁለታችሁም ካልተስማማችሁ አይቀመጥም ተባልን፤ አልተቀመጠም።

ባሌ "ወደ ውጭ አገር ትልኩታላችሁ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ያፍጨረጭራታል ብዬ ነበር። እሷ ግን "ጥሩ ጥያቄ ነው" ብላ ናሙና ከአገር እንዲወጣ የስምምነት ሰነድና የመንግሥት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ ጥናቱንም አስቀድሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይቶ ማጽደቅ እንዳለበት ረጋ ብላ አስረዳችው። የኮሚቴውን ስልክ ቅጹ ላይ አሳየችው። ቅሬታ ካለን በእነሱ በኩል ሳናልፍ በቀጥታ እንድንደውል ነው። ባሌ ቁጥሩን ስልኩ ላይ መዘገበው። ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

ቀጥሎ ወደ ልጁ ዞረች። ለእሱ የተዘጋጀ ሌላ ወረቀት አለ፤ ሥዕል ያለበት፣ ጥቂት መስመር ብቻ። አነበበችለትና "እስቲ አሁን ምን እንደምናደርግ አንተ ንገረኝ" አለችው። "ጌም እጫወታለሁ፣ ምራቅ እተፋለሁ፣ መርፌ ግን የለም" አላት። "ልክ ነው። ትፈልጋለህ?" አሰበ። ይህን ልጅ ሲያስብ ማየት በራሱ ብርቅ ነው። "እፈልጋለሁ፤ ግን ቪዲዮ አልፈልግም" አለ። ካሜራው እኛ ስንጫወት ሊቀርጽ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ወዲያው አጥፍታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። እስከ መጨረሻውም አልተከፈተም።

ማታ ለአማቴ ስነግራቸው "ልጅ ደግሞ ምኑ ይጠየቃል!" ብለው ተገረሙ። እኔም ያደግኩት ሳልጠየቅ ነው። ልጄን ግን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ስንት ሰው ሲቆጣው፣ ሲጎትተው፣ ሲያስቀምጠው አይቻለሁ። ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የጠየቀው እሷ የመጀመሪያዋ ትመስለኛለች። ዘጠኙ ነጥብ የዚህ ነው።

ከዚያ መጠይቁ መጣ። 18 ባህሪ ይዘረዝራል፤ ዘጠኙ ትኩረትን፣ ዘጠኙ መቁነጥነጥንና ሳያስቡ ማድረግን ይመለከታል። በእያንዳንዱ ፊት "በጭራሽ"፣ "አልፎ አልፎ"፣ "ብዙ ጊዜ"፣ "በጣም ብዙ ጊዜ" የሚል አለ። ባለሙያዎቹ የሚፈልጉት ከአንዱ ወገን ቢያንስ ስድስቱ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቆዩ፣ ከ12 ዓመት በፊት ሲጀምሩ፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ሲታዩ ነው፤ ቤትም፣ ትምህርት ቤትም። አንድ ቀን ስለተንጫጫ ልጅ አይደለም የሚያወሩት።

እኔና ባሌን ለየብቻ ክፍል አስገብተው ነው ያስሞሉን። ብልህ ናቸው። እኔ "በጣም ብዙ ጊዜ" ያልኩትን እሱ "አልፎ አልፎ" ብሎታል። ማታ ሲገባ ልጁ ተኝቶ ነዋ! አንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ ለእኛ ቤት አልተሰፋም። "ሲያናግሩት የማይሰማ ይመስላል?" ይላል። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ በርቶ፣ አማቴ ድምፅ አውጥተው ዳዊት እየደገሙ፣ ጎረቤት ቡና እየወቀጠ ማን ማንን ይሰማል? ይህን ጠርዙ ላይ ጻፍኩላቸው። ተመራማሪዋ አንብባ ስቃ፣ ግን ጻፍ ጻፍ አደረገች።

ልጁ በኮምፒውተር የሚሠራው ፈተና የጉድ ነው። እስክሪኑ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ ብቅ ይላል። ለሁሉም ፊደል ቁልፉን መጫን ነው፤ ኤክስ ሲመጣ ብቻ እጅን መሰብሰብ። ለ14 ደቂቃ። ነጥብ አይቆጥር፣ ሙዚቃ የለው፣ ቀለም የለው። ልጄ "ይሄ ጌም ተበላሽቷል" ብሎ ቅሬታ አቀረበ። ለካ አሰልቺ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። ጎረቤቶቼ "ስልክ ላይ ጌም ሲይዝ ሁለት ሰዓት ንቅንቅ አይልም፤ ምን ትኩረት ጎደለው?" ይሉኛል። መልሱን እዚያ አገኘሁት። ጌሙ በየሰከንዱ ሽልማት ይሰጠዋል። የእሱ ችግር የማይሸልመው ነገር ላይ መቆየት ነው፤ ያ ደግሞ የትምህርት ቤት ሥራ ግማሹ ነው።

ኮሪደሩን ሳላነሳ አላልፍም። ስለማይረጋ ልጅ የሚያጠና ቢሮ ልጆቹን የሚያስጠብቀው ጠባብ ኮሪደር ላይ፣ ተደርድረው በተቸነከሩ ወንበሮች ነው። መጫወቻ የለም። አንድ ወረቀትና ከለር እንኳ የለም። ያለው በመስታወት ሳጥን የተቀመጠ የእሳት ማጥፊያ ነው፤ ልጄ ምን ላይ ዓይኑን እንደጣለ ገምቱት። ያዳነን ዘበኛው ጋሼ ናቸው። "ና እስቲ፣ የገባውን ሰው አብረን እንቁጠር" ብለው በር ላይ አቆሙት። በሥነ ልቦና ዲግሪ ቢሰጣቸው አልቃወምም።

ምራቁ ቀላል ይመስላል። ከመስጠታችሁ በፊት ለግማሽ ሰዓት መብላት፣ መጠጣት፣ ማስቲካ ማኘክ የለም። ትንሽ ቱቦ ይሰጣችኋል፤ እስከ መስመሩ መሙላት ነው፤ አረፋው አይቆጠርም። ትልቋ ልጄ አፈረች፣ ዞራ ሞላችው። ትንሹ በደስታ ተፋው፤ መትፋት ተፈቅዶለት አያውቅማ። ችግር የሆነው የአማቴ ነው። ሁዳዴ ነበር፤ የተቀጠሩት ደግሞ በሥራ ቀን ጠዋት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቀምሱም፤ አፋቸው ደርቋል። መጀመሪያ "ይሄ ጾም ያስፈታል?" ብለው ተጨነቁ። ሲስተሯ "እማማ፣ ጾሙን እኔ አላውቅም፤ ምራቁ ግን እንዲህ ሆኖ አይሞላም። ጾም ከፈቱ በኋላ ትንሽ ቆይተው ይስጡን" ብላ ወደ ከሰዓት አዞረችላቸው። ለዚህም ነጥብ ይገባታል። ስንት መሥሪያ ቤት ነው ለአሮጊት ጾም ቀጠሮ የሚያዞረው?

ለምን ቤተሰቡ ሁሉ እንደሚፈለግ የገባኝ አማቴ ቃለ መጠይቅ ሲደረግላቸው ነው። መንትዮችን በማወዳደር የተሠሩ ጥናቶች በሰዎች መካከል በኤዲኤችዲ ከሚታየው ልዩነት ከ70 እስከ 80 ከመቶው በዘር የሚመጣ እንደሆነ ይገምታሉ። አንድ ጂን ተበላሽቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ትልቅ ጥናት ከኤዲኤችዲ ጋር የተያያዙ 27 የዘረመል ቦታዎችን ለይቷል፤ እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት ግን ቅንጣት ታህል ነው። ተመራማሪዋ ለአማቴ ስታስረዳ "እማማ፣ እንደ ቁመት ይቁጠሩት። ረጅም ልጅ ከረጅም ቤተሰብ ይወጣል፤ ግን ቁመት ይህ ነው ተብሎ የሚነቀል አንድ ነገር የለም" አለቻቸው።

አማቴ ዝም ብለው ቆዩና "እንግዲያው የአባቱ ነው" አሉ። ከዚያ ወጡ፤ ባሌ በልጅነቱ ጣሪያ ላይ እንደሚውል፣ አራተኛ ክፍል ሳለ መምህሩ ዱላ እንደጨረሱበት፣ ሁለት ትምህርት ቤት "ውሰጂልን" እንዳሏቸው። "እኔ አሳዳጊ የበደለው ተብዬበታለሁ" አሉ። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር ነግረውኝ አያውቁም። ወላጅ ማሳደግ ስላልቻለ የሚመጣ ችግር አለመሆኑን ሲሰሙ አቀማመጣቸው ተለወጠ። ባሌ ለአዋቂዎች የተዘጋጀውን አጭር መጠይቅ ሲሞላ እኔ አልነበርኩም፤ ምን እንደሞላም አልጠየቅኩትም። አሁን ግን ልጁን "ለምን እንደ ሰው አትቀመጥም!" ማለቱን ቀንሷል።

የስኳሩን ነገር እዚያው ጠየቅኩ። ሰፈራችን በሙሉ "ከረሜላ ነው የሚያሳብደው" ባይ ነው። ልጆቹም ወላጆቹም ሳያውቁ ለአንዱ ስኳር፣ ለሌላው ጣፋጭ ነገር ግን ስኳር የሌለው እየሰጡ የተደረጉ ሙከራዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ተሰብስበው ሲታዩ ስኳር የልጆችን ባህሪ አልለወጠም። ከዚህ ይበልጥ የገረመኝ ከዚያ በፊት በ1994 የወጣ ሙከራ ነው። እናቶችን ልጃችሁ ስኳር ተሰጥቶታል አሏቸው፤ አልተሰጠውም። እናቶቹ ግን ልጃቸውን የበለጠ ተቅበጥባጭ ሆኗል አሉ። ይህን ነግራኝ ስትጨርስ ልጄን በብስኩትና በጁስ ሸኘችው። ለጥርሱ እንጂ ለሌላው አልፈራሁም።

አሁን ወደ ጎደለው ነጥብ።

አንደኛ፣ የመምህሯ ቅጽ። ባህሪው በሁለት ቦታ መታየት ስላለበት መምህሯም መሙላት አለባት። ልክ ነው። ግን ቅጹን በፖስታ አድርገው ለእኔ ሰጡኝ፤ "ለትምህርት ቤቱ ያድርሱልን" ብለው። ፖስታው ላይ በትልቁ የጥናቱ ርዕስ ተጽፏል። ከቢሮ እስከ መምህራን ክፍል ያላነበበው የለም። በማግስቱ አንድ የክፍሉ ልጅ "አንተ የአእምሮ በሽተኛ ነህ አሉ" ብሎታል። ስማችን በቁጥር ይተካል ያሉን ሰዎች የፖስታውን ጀርባ ረሱት። መምህሯን አልወቅስም፤ ያን ሁሉ ልጅ ይዛ በእረፍት ሰዓቷ ነው የሞላችው። ግን ወላጁን አስፈርመው ራሳቸው ሄደው፣ ርዕስ በሌለው ፖስታ፣ ለመምህሯ በእጇ ቢሰጡ ምን ይከብዳል? ነግሬያቸዋለሁ። ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ይቅርታው ግን ክፍል ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ትልቋ ልጄ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዝምተኛ ናት። የገባችው ለማነጻጸሪያ ነው፤ ችግር የሌለባት እህት ተብላ። መጠይቁን ስለ እሷ ስሞላ እጄ ቀስ አለ። ዕቃ ትጥላለች። የጀመረችውን አትጨርስም። መስኮት እያየች ትቀራለች። አትሮጥም፣ አትረብሽም፤ ደብተሯ ላይም ቀይ የለም። ኤዲኤችዲ በመርሳትና በሐሳብ መሄድ ብቻም ሊገለጥ እንደሚችል፣ ሴት ልጆች በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ ሳይታዩ እንደሚቀሩ ያነበብኩት በኋላ ነው። ደውዬ የእሷ ውጤት ምን ይላል አልኳቸው። "የግለሰብ ውጤት አንሰጥም፤ ቅጹ ላይ አለ" አሉኝ። አለ፣ አንብቤዋለሁ። ግን ማነጻጸሪያ ብላችሁ ከጠራችኋት ልጅ ነገር ካያችሁ ለእናቷ አንድ ቃል አትሉም? ተመራማሪዋ አለቃዋን ጠይቃ መልሳ ደወለችልኝ። ውጤት ሳትነግረኝ፣ "ስጋት ካለዎት ያስመርምሯት፤ ወረቀት እንጽፍልዎታለን" አለችኝ። ወረቀቱን ወስጃለሁ። ይህ ከመጀመሪያው ቅጽ ላይ መጻፍ የነበረበት ነገር ነው፤ ሁሉም እናት ደውላ አትከራከርም።

ለትንሹ የሰጡን ወደ ሐኪም የሚልክ ወረቀትና የወላጆች አጭር ሥልጠና ነው። ሥልጠናው ጥሩ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ትዕዛዝ። "ተነሥ፣ ታጠብ፣ ልበስ፣ ቦርሳህን ያዝ" ብዬ ከወጥ ቤት መጮህ ቀርቷል። አጠገቡ ሄጄ፣ ዓይኑን አይቼ፣ "ጫማህን አድርግ" ብቻ። ሲያደርግ ወዲያው ማመስገን፤ ማታ ሳይሆን እዚያው። ተአምር አልሆነም፤ ጠዋት ግን ከበፊቱ ያነሰ እንጮሃለን። መድኃኒት እነሱ አይሰጡም። ብዙ አገር በቅድሚያ የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት ነው፤ መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው፤ ቁጥጥር የሚደረግበት ስለሆነ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚነካ አይደለም። ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች መጀመሪያ የሚመከረው የወላጅ ሥልጠና ነው። የእኛ ስምንት ስለሆነ ከሐኪሙ ጋር እየተነጋገርን ነው፤ ባሌ "ሱስ ይሆንበታል" እያለ ነው፤ ገና አልወሰንንም።

ለመግባት ለምታስቡ፦ ልጄ ይድናል ብላችሁ ከሆነ አትሂዱ፣ ቀጥታ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል። ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ትምህርት ቤቱን ማን ያናግራል? ሌላው ልጄ ላይ ነገር ካያችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ምራቁ ስንት ዓመት ይቀመጣል? ከለርና ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ቡናውን ከቀጠሮው በፊት ሳይሆን በኋላ ጠጡ፤ ስታዲየም አካባቢ ቡና አይጠፋም።

በዓመቱ ለሁለተኛ ዙር እንጠራችኋለን ብለዋል። ልጄን ጠየቅኩት፤ ጋሼ ዘበኛው ካሉ እሄዳለሁ አለ። እህቱ እያሰብኩበት ነው ብላለች። የመምህሯን ቅጽ እኔ እንደማላደርስ ከአሁኑ በጽሑፍ አስገብቻለሁ።